ወንድ ነው ወይስ ሴት? በሬይኖልድስ ዘመን የተሣሉ ልጆችን በልብሳቸው የማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ አነስተኛ ሥዕል ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ረጅም ወርቃማ ጸጉሩ ተዘናፍሎ፣ ነጭ ስስ ቀሚስ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮለት፣ አንድ ክንዱን ዘርግቶ ከሥዕሉ ውጭ ወዳለ ነገር ይጠቁማል። ብዙ ተመልካች «እንዴት የምታምር ልጅ!» ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን ፍራንሲስ ጆርጅ ሄር ይባላል፤ ወንድ ነው። የሣለው ጆሽዋ ሬይኖልድስ ሲሆን ጊዜው 1788 ገደማ ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ በተሣለ የልጅ ሥዕል ላይ የሚታየው ልብስ በሦስት እጅ ያለፈ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ልጁን አለበሰው። ቀጥሎ ሠዓሊው ደስ እንዳለው ለዋወጠው። በመጨረሻም ጊዜ ራሱ ቀለሙን አደበዘዘው፣ አጠየመው፣ ሰነጣጠቀው። ስለዚህ ምርመራው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፦ በቅድሚያ ጊዜ ያበላሸውን መለየት፣ ከዚያ ሠዓሊው የፈጠረውን ማውጣት፣ በስተመጨረሻ የቀረውን የእውነት ልብስ ማንበብ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው «ወንድ ነው ሴት?» የሚለውን የመጨረሻ ጥያቄ መጀመሪያ ስለሚጠይቅ ነው።

ምን ያስፈልጋል

ሥዕሉን በአካል ማየት ካልቻሉ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ትልቁን ምስል ያውርዱ። ረጅሙ ጎኑ ቢያንስ 3000 ፒክስል ይሁን። ቁመቱ 76 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሸራ ይህ በአንድ ሴንቲ ሜትር 40 ፒክስል ገደማ ይሰጣል፤ አዝራርና የጥብጣብ ቋጠሮ ለማየት ይበቃል፣ ስፌት ለመቁጠር ግን አይበቃም። ለንደን የሚኖር አንባቢ እድለኛ ነው፤ ናሽናል ጋለሪ፣ ቴት ብሪትንና ዋላስ ኮሌክሽን ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ያሳያሉ።

ማስታወሻ ደብተርዎን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፤ «ጊዜ»፣ «ሠዓሊ»፣ «ቤተሰብ» ብለው ይሰይሙ። ሥዕሉ ላይ የሚያዩትን እያንዳንዱን ነገር ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይጻፉ። የት እንደሚገባ ያልለየለትን ነገር በእርሳስ ይጻፉት፤ ኋላ ይዛወራል።

1. ሸራውን ይለኩ

የእንግሊዝ ሸራ ነጋዴዎች በተወሰኑ መጠኖች ይሸጡ ነበር። «ሦስት አራተኛ» የሚባለው 76 በ63 ሴንቲ ሜትር፣ «ኪት ካት» 91 በ71፣ «ግማሽ ቁመት» 127 በ102፣ «ሙሉ ቁመት» 239 በ147 ገደማ ነው። ልኬቱ ሸራው ብቻ ነው፤ ፍሬሙ አይቆጠርም። እርስዎ የያዙት ሥዕል በአንድ ጎኑ ብቻ ከእነዚህ መጠኖች ብዙ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ እጅ፣ መሀሉ ላይ የቀረ የመቀነት ጫፍ ወይም ግማሹ የጠፋ አሻንጉሊት ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ልኬቱ ስለ ልብሱም ይናገራል። ሬይኖልድስ በ1780ዎቹ ለትንሹ ሸራ 50፣ ለግማሽ ቁመት 100፣ ለሙሉ ቁመት 200 ጊኒ ያስከፍል ነበር፤ አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው። ጫማና የቀሚስ ጫፍ እንዲሣል የፈለገ ቤተሰብ ኪሱን መዳበስ ነበረበት ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይቀላል፤ አካሉ ትንሽ ስለሆነ አዋቂ ደረቱ ድረስ ብቻ በሚሣልበት ሸራ ላይ ብዙው ይገባል። ቴት ያለችው «የንጽሕና ዘመን» የምትባለው የሬይኖልድስ ሥዕል 76 በ63 ብትሆንም፣ ልጅቷ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ባዶ እግሯ ሳይቀር ይታያል።

2. ጊዜ ያበላሸውን ይለዩ

በሬይኖልድስ ሥራ ላይ ይህ እርምጃ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ትዕግስት ይጠይቃል። ሰውየው በ1723 ዴቨን ውስጥ ፕሊምፕተን የተወለደ፣ ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነ፣ የዘመኑ ቀንደኛ ሠዓሊ ነው። ቀለም ሲቀምም ግን ደፋር ነበር። ቶሎ የሚነኑ ቀይ ቀለሞችን፣ ሰምንና ሬንጅ መሰል ቡናማ ቀለምን እየቀላቀለ ይሞክር ስለነበር፣ አንዳንድ የሣላቸው ፊቶች እሱ በሕይወት እያለ ገረጡ። ፊት የገረጣበት ሥዕል ላይ መቀነት አልገረጣም ማለት ዘበት ነው።

መጀመሪያ ቫርኒሹን ያጣሩ። አሮጌ ቫርኒሽ ሲጠይም ነጩን ክሬም፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ፣ ሐምራዊውን ቡናማ ያስመስላል። የልጁን የዓይን ነጭና አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ከቀሚሱ ጋር ያስተያዩ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቢጫ ከተነከሩ ጥፋቱ የቫርኒሹ ነው። ዓይኑ ንጹሕ ሆኖ ቀሚሱ ብቻ ክሬም ከሆነ፣ ልብሱ ከመነሻው ክሬም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ቀዩ ይሂዱ። ሮዝ መቀነት ወደ አመድማ ወይም ወደ ነጭ ሊሄድ ይችላል። ሰማያዊም ከእርሳስ ማዕድን ከተሠራ ብዙ ነጭ ቀለም ጋር ከተቀላቀለ ይገረጣል። ስለዚህ «ግራጫ መቀነት» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ቦታ ይፈልጉ፤ አንደኛው ቀለሙ የተደራረበበት የእጥፋቱ ጥልቅ ክፍል ነው። ሁለተኛው ፍሬሙ ሸፍኖ ከብርሃን የጠበቀው የሸራው ጠርዝ ነው። ይህን ከግድግዳ ላይ ማየት አይቻልም፤ ሙዚየሞች ሥዕሉን ከፍሬም አውጥተው ያነሱትን ፎቶ አንዳንድ ጊዜ ያወጣሉ።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው። ያ ሬንጅ መሰል ቡናማ ቀለም በደንብ ስለማይደርቅ፣ ጥቁር ቦታዎች ላይ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ሰፋፊ ስንጥቅ ያወጣል። ጥቁር ባርኔጣ ወይም ጫማ ላይ የሚታየውን መረብ እንደ ጨርቅ ጥልፍ አድርገው እንዳያነቡት። የቀድሞ አጽጂዎችም በደል ሠርተዋል። መቀነት ወይም ዳንቴል የሚጨረሰው ስስ ቀለም በላዩ ተቀብቶ ስለሆነ፣ ሥዕሉ በጠንካራ ፈሳሽ ሲታጠብ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። አንገት ላይ ዳንቴሉ በድንገት ተቋርጦ ባዶ ቆዳ ከታየ ልብሱ እንዲያ ነበር ብለው አይደምድሙ።

ለእነዚህ ሁሉ ትልቁ መድኃኒት ሜዞቲንት ነው። ሜዞቲንት የመዳብ ሰሌዳን አሻክሮ ጥላና ብርሃን የሚያወጣ የጥቁርና ነጭ ህትመት ነው። የታወቁ የእንግሊዝ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ከተሣሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ታትመዋል፤ ብሪቲሽ ሙዚየምና የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ትልልቅ ስብስብ አላቸው። ህትመቱ ላይ መቀነቱ ከቀሚሱ በግልጽ ጠቁሮ ሳለ ሥዕሉ ላይ ሁለቱ እኩል ከነጡ፣ የመቀነቱ ቀለም ተኗል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሠራተኛው ሥዕሉን እንዳለ መዳቡ ላይ ካሰፈረው ህትመቱ ተገልብጦ ይወጣል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ አዝራር በየትኛው ጎን እንደተቆለፈ ከህትመት አይወስኑ። ልጁ ጎራዴ ከታጠቀ ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ጎራዴ በግራ ዳሌ ላይ ይንጠለጠላል። ህትመቱ ላይ በቀኝ ከሆነ ምስሉ ተገልብጧል።

3. ሠዓሊው የፈጠረውን ያውጡ

አሁን ጥያቄው «ይህን ልብስ ልጁ ቤቱ ይለብሰው ነበር?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «አይደለም» ነው።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የቶማስ ጌንዝቦሮ «ሰማያዊው ልጅ» ነው፤ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሀንቲንግተን ተቀምጧል። ሥዕሉ የ1770 ገደማ ነው። ልብሱ ግን በ1641 የሞተው ቫን ዳይክ የሣላቸው መኳንንት የለበሱት ዓይነት ነው፤ ማለትም ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ያረጀ። የቫን ዳይክ ልብስ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የሚያብረቀርቅ ሳቲን፣ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ሰፊ የዳንቴል ኮሌታ፣ ውስጡ ያለው ነጭ እንዲታይ የተሰነጠቀ እጅጌ፣ ጉልበትና ጫማ ላይ የጥብጣብ አበባ፣ ባለ ላባ ባርኔጣ። ከእነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ልብሱን «ሠዓሊ» ዓምድ ውስጥ ይጻፉ። ጌንዝቦሮ በ1782 ማስተር ኒኮልስ የተባለውን ልጅ በዚሁ ፋሽን፣ በሮዝ ቀለም ሥሎታል። «ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ» የሚለው ደንብ በዚያ ዘመን እንዳልነበረ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ማየት ብቻ ይበቃል።

ሌላው የጨዋታ ልብስ ነው። ዮሃን ዞፋኒ በ1765 ገደማ ንግሥት ሻርሎትን ከሁለት ትልልቅ ልጆቿ ጋር ሲሥል አንዱ ልዑል እንደ ጥንት ግሪኩ ቴሌማኮስ፣ ታናሹ እንደ ቱርክ ለብሰዋል። ሬይኖልድስም በ1775 ገደማ ማስተር ክሩ የተባለውን ልጅ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛን አስመስሎ አቁሞታል፤ ሆልባይን የሣለውን ንጉሥ የሚያውቅ ሰው ትንሹን ልጅ እግሩን አንፈራጦ ሲያየው መሳቁ አይቀርም። በ1773 በሣላት እመቤት ኮክበርን ዙሪያ ያሉት ሦስት ወንዶች ልጆች ደግሞ ራቁታቸውን ናቸው። ይህ የጣሊያን ሥዕል ወግ እንጂ የለንደን ቤት ልማድ አይደለም።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ዓይነት «ዘመን የለሽ» ልብስ ነው። ሬይኖልድስ በ1776 ለአካዳሚው ተማሪዎች ባደረገው ሰባተኛ ንግግር፣ ባለሥዕሏን ከፍ አድርጎ ማሳየት የሚፈልግ ሠዓሊ የወቅቱን ፋሽን ትቶ የጥንቱን መንፈስ ያለው ልብስ እንዲያለብሳት፣ መልኳ እንዳይጠፋ ብቻ ከዘመኑ ትንሽ እንዲያስቀር መክሯል። ይህን ልብስ ለመለየት ስፌት ይፈልጉ። የእጅጌው መጋጠሚያ የት ነው? በምን ተዘጋ? በአዝራር፣ በመንጠቆ፣ በስፒል ወይስ በማሰሪያ? ጫፉ ታጥፎ ተሰፍቷል? ሦስቱም ካልተገኙ የሚያዩት የተጠቀለለ ጨርቅ ነው፤ ልብስ ሰፊ እጁን አላሳረፈበትም።

አራተኛው ነገር ልብሱን የሣለው ሌላ ሰው ሊሆን መቻሉ ነው። በ1749 የሞተው ጆሴፍ ቫን አከን ለብዙ የለንደን ሠዓሊዎች ልብስ ብቻ እየሣለ ይኖር ነበር። ፒተር ቶምስም ለሬይኖልድስ እንዲሁ ሠርቷል። ልጁ ፊቱ ከተሣለ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ልብሱ ባለ መገጣጠሚያ የእንጨት ሰው ላይ ተጭኖ ይሣላል። ምልክቱ እጥፋቶቹ ከአካሉ እንቅስቃሴ ጋር አለመስማማታቸው ነው። ክንዱ ተነስቶ ሳለ ብብቱ ሥር ምንም ውጥረት ካልታየ፣ ጨርቁ የሕያው ልጅ ላይ አልነበረም። አንድ ዓይነት ቀሚስ ከነእጥፋቱ በሁለት የተለያዩ ቤተሰብ ሥዕሎች ላይ ካገኙም ልብሱ የሠዓሊው ቤት እቃ ነው።

4. ወንድ ወይስ ሴት

ከላይ ያለው ሁሉ ተጣርቶ የቀረ ልብስ ካለ አሁን ያነቡታል። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ከአራት እስከ ሰባት ዓመቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ሱሪ እስኪታጠቅ ድረስ ቀሚስ ይለብስ ነበር። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ሽንት ያልለየ ልጅ ጉልበቱ ላይ የሚቆለፍ ሱሪ ቢለብስ የምትቸገረው ሞግዚቷ ናት።

ስለዚህ ቀሚስ፣ ረጅም ጸጉር፣ ዳንቴል፣ መቀነት፣ ቆብና ቀለም ምንም አይመሰክሩም፤ ከደብተርዎ ይሰርዟቸው። የሚመሰክረው ደረቱ ነው። የልጃገረድ ቀሚስ ከኋላ ስለሚታሰር ደረቱ ልሙጥ ነው። የአዋቂ ሴት ቀሚስ ግን ከፊት ይከፈታል፤ ይህ አንዲት ኮረዳ ገና ልጅ ተብላ መልበሷን ወይም አለመልበሷንም ያሳያል። ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ ደግሞ ከላይ እንደ ወንድ ኮት በፊት ለፊቱ በአዝራር ወይም በቁጢት የሚዘጋ፣ ከታች ሰፊ ጉርድ ያለው ልብስ ያገኛል። ፊት ለፊት የአዝራር ረድፍ ካዩ «ወንድ» ብለው በቀለም ይጻፉ። ልሙጥ ደረት ካዩ እድሜውን ይጠይቁ፦ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ሴት» የሚለው ያመዝናል፤ ከሁለት በታች ከሆነ ምንም አልተረጋገጠም፣ ምክንያቱም ሕፃናት ሁሉ ከኋላ የሚታሰር ይለብሱ ነበር። ደረቱ በኮርሴት መወጠሩም አይወስንም። ኮርሴት ትንንሽ ወንዶችንም ነክቷል፤ አካልን ያቃናል ተብሎ ስለሚታመን።

እጅ ላይ የተያዘው ነገር ሁለተኛ ምስክር ነው። ከበሮ፣ ጅራፍ፣ የእንጨት ፈረስ፣ ጎራዴ ወደ ወንድ ያደላሉ፤ አሻንጉሊት፣ ሽርጥ ውስጥ የተሰበሰበ አበባ ወደ ሴት። ውሻና ወፍ የሁለቱም ናቸው። የብር እጀታና ቃጭል ያለው ቀይ መርጃን (ኮራል) ከሆነ ልጁ ጥርስ እያወጣ መሆኑን ብቻ ይናገራል።

ለመለማመድ የዊሊያም ሆጋርዝን «የግራም ልጆች» (1742፣ ናሽናል ጋለሪ) የሚያህል የለም። አራት ልጆች አሉ። ሁለቱ ሴቶች ደረታቸው የተወጠረ ቀሚስ ለብሰው ሽርጥ አድርገዋል። ሪቻርድ ሮበርት ሱሪ ታጥቋል፤ ኮት ለብሶ ለወፏ የሙዚቃ ሣጥን ያዞራል። በግራ በኩል ትንሽ ጋሪ ላይ የተቀመጠው፣ ቆብና ቀሚስ ያለው ሕፃን ደግሞ ቶማስ ነው፤ ወንድ። ሥዕሉ ሳያልቅ ሞቷል። አንድ ቤት፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ወንዶች፤ አንዱ በሱሪ፣ አንዱ በቀሚስ።

ከ1780 ወዲህ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ ይዳከማል። ነጩ ቀሚስ ገብቶ አዝራሩንም ኮርሴቱንም አስወገደ፤ ወንዱም ሴቷም አንድ ሆኑ። ስም የሌለው፣ ከአራት ዓመት በታች የሆነ፣ ነጭ ቀሚስና መቀነት ያለው ልጅ ካጋጠመዎት ትክክለኛው መልስ «ሕፃን» ነው። ስም ካለ «ማስተር» ወንድ፣ «ሚስ» ሴት።

5. እድሜ

እድሜን ከፊት አይገምቱ፤ ሠዓሊዎች ሕፃናትን ማሳደግ ይወዳሉ። ከላይ ወደ ታች የሚከተለውን ይፈልጉ።

መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ከእግሩ አልፎ የሚንጠለጠል ረጅም ቀሚስ ይለብሳል። መዳህ ሲጀምር ቀሚሱ ያጥራል። ወፌ ቆመች ላይ ሲደርስ ከትከሻው ጀርባ ሁለት ጠፍጣፋ ማሰሪያዎች ይወርዳሉ፤ ሞግዚቷ እሱን ይዛ ትመራዋለች። ከክንዱ ኋላ ጠበቅ አድርገው ይመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ ከቀሚሱ ቀለም ጋር አንድ ስለሆነ ያመልጣል። ግንባሩ ላይ ወፍራም የተሞላ ጥቅል ካሰረ ሲወድቅ ጭንቅላቱ እንዳይጎዳ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልጃገረዶች ላይ እነዚያ ማሰሪያዎች መራመድ ከቻሉ ከብዙ ዓመት በኋላም የልጅነት ምልክት ሆነው ይቀሩ ነበር፤ ማሰሪያ ስላየ ብቻ የስምንት ዓመቷን ልጅ ሁለት ዓመት የሚሰጥ አለ።

ሱሪ የታጠቀ ወንድ ሁለት መልክ አለው። ከ1780 ገደማ በፊት ከቀሚስ በቀጥታ ወደ አባቱ ልብስ ይዘላል፤ ኮት፣ ሰደርያ፣ ጉልበት ላይ የሚቆም ሱሪ። ከዚያ በኋላ መሀል ላይ «ስኬልተን ሱት» ገባ፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርስ ሱሪ ከአጭር ጃኬት ጋር ወገብ ላይ በአዝራር የሚያያዝበት፣ ሁለት ረድፍ አዝራርና የተከፈተ ሰፊ ኮሌታ ያለው ልብስ ነው። አዋቂ ወንዶች ገና ጉልበት ላይ በሚቆም ሱሪ ሳሉ ልጆቻቸው ረጅም ሱሪ መልበሳቸው ነው የሚገርመው።

6. ጨርቁና የመቀነቱ ከፍታ ዓመቱን ይሰጣሉ

ሐር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ማዕዘኑ ሹል ነው፣ በጫፉ ላይ አንድ ብሩህ መስመር ይሮጣል። ሙስሊን ማለትም ሻሽ የሚመስለው ስስ የጥጥ ጨርቅ ግን ይረግባል፤ እጥፋቱ ትንንሽና ብዙ ነው፣ ከሥሩ የክንዱ ሥጋ ወይም ባለ ቀለም ውስጥ ልብስ ይታያል። ሠዓሊው ይህን የሚሠራው ደረቅ ነጭ ቀለም ጠቆር ባለው ላይ እየጎተተ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት የብሩሹ ጸጉር መስመር ይታያል።

ሐርና ውጥር ደረት ካለ ወደ 1760ዎቹና ከዚያ በፊት ያስቡ። ሙስሊንና መቀነት ከ1770ዎቹ ጀምሮ ይበዛሉ። ለውጡን ሁለት ነገር አመጣው። ሐኪሙ ዊሊያም ካዶገን በ1748 ሕፃናትን መጠቅለልንና ማጨናነቅን አጥብቆ ነቅፎ ነበር፤ ከእሱ በፊት ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1693፣ ከእሱ በኋላ ሌላው ፈላስፋ ሩሶ በ1762 ላላ ያለ ልብስን ደግፈዋል። ሁለተኛው ገበያ ነው። ጥሩ ሙስሊን ከቤንጋል በመርከብ ይመጣ የነበረ ሲሆን፣ ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 ቀጭን ክር የሚፈትል ማሽን ከሠራ በኋላ እንግሊዝ ራሷ ማምረት ጀመረች። ጥጥ ደግሞ ይታጠባል፤ ሐር አይታጠብም። ለልጅ ልብስ ከፈላስፎቹ ምክር ይልቅ ይህ የመጨረሻው የሚያመዝን ይመስለናል።

መቀነቱን ይለኩ፦ ከአገጭ እስከ መቀነቱ የላይ ጠርዝ፣ ከዚያ ከመቀነቱ እስከ ጉልበት። ወገብ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ከሆነ 1770ዎቹና 1780ዎቹ ነው። ብብት ሥር ከወጣ ወደ 1795ና ከዚያ በኋላ ይውሰዱት። የሚያብጥ ትልቅ ቆብ ካለ 1780ዎቹ ይጠነክራል፤ ሦስት ዓመቷን ይዛ በ1788 የተሣለችውን ፔኔሎፒ ቡዝቢን (አሽሞሊያን፣ ኦክስፎርድ) መለኪያ ያድርጉ።

7. በአንድ ሥዕል ላይ እንሞክረው

ወደ ሉቭሩ ልጅ እንመለስ። ሸራው 77 በ63 ገደማ ነው፤ «ሦስት አራተኛ»፣ አልተቆረጠም። «ጊዜ» ሥር፦ የመቀነቱ ቀለም ከመነሻው ደመቅ ያለ ሊሆን ይችላል፣ የሬይኖልድስ ስለሆነ። «ሠዓሊ» ሥር፦ ከኋላ ያለው ገጠር፣ የተዘረጋው ክንድ፣ የጥንት ሐውልት የሚመስለው አቋም። ልብሱ ግን ወደዚህ ዓምድ አይገባም። እጅጌ አለው፣ ወገቡ ላይ ተሰብስቧል፣ የዘመኑ ልጆች የሚለብሱት ነው። እዚህ ላይ የሬይኖልድስ እድል ይታያል፤ ሴቶችን ፋሽን አስወልቆ ጥንታዊ ለማስመሰል ሲደክም የኖረ ሰው፣ የጥንት የሚመስል ልብስ ልጆቹ ራሳቸው ለብሰው መጡለት። «ቤተሰብ» ሥር፦ ነጭ ሙስሊን፣ መቀነት፣ አዝራር የለም። ከልብሱ ብቻ የሚወጣው «ሕፃን፣ 2 ዓመት ገደማ፣ 1780ዎቹ» ነው። «ወንድ» የሚለው ከስሙ እንጂ ከቀሚሱ አልመጣም።

ስሙ ከተገኘ አይቀር ዘመዶቹን መፈለግ ይጠቅማል። የዚህ ልጅ አክስት አና ማሪያ፣ በካልካታ ዳኛ የነበረው የዊሊያም ጆንስ ባለቤት ናት። ይኸው ጆንስ አብርሃም ከተባለ ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ አባይ ምንጭ ያደረገውን ጭውውት በ1788 ካልካታ ውስጥ አሳትሟል፤ ሥዕሉ በተሣለበት ሰሞን መሆኑ ነው። ስለ ልብሱ ምንም አይጨምርም፤ ሳንጠቅሰው ማለፍ ግን አልሆነልንም።

የመጨረሻውን መግለጫ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የታየውን፣ የተገመተውን፣ የግምቱን ምክንያት። ለምሳሌ፦ «ነጭ ሙስሊን ቀሚስ፣ ወገብ ላይ መቀነት፤ አሁን አመድማ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ሮዝ። 2 ወይም 3 ዓመት፤ ጾታው ከልብሱ አይለይም። 1780ዎቹ፤ መቀነቱ ገና ወገብ ላይ ስለሆነ።»

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች

የሥዕል ርዕስ ማስረጃ አይደለም። «የንጽሕና ዘመን» የሚለውን ስም ሬይኖልድስ አልሰጠውም፤ እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1794 የወጣው ህትመት ላይ ነው የተጻፈው። ኤክስሬይ ደግሞ ልጅቷ ሥር ሌላ የራሱ ሥዕል፣ «የእንጆሪዋ ልጅ» እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ጫፍ ላይ የማይገናኝ መስመር ወይም ያለ ቦታው የወጣ ቀለም ቢታይ የልብስ ክፍል ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው አስመሳዮች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ነጭ ቀሚሶችና ትልልቅ ቆቦች እንደገና ተወደዱ። ጆን ኤቨረት ሚሌ በ1879 የሣላት «ቼሪ ራይፕ» የፔኔሎፒ ቡዝቢን አለባበስ የተከተለች ናት፤ ህትመቷም በየቤቱ ተሰቅሏል። ቀሚሱ፣ መቀነቱና ቆቡ ሁሉም ትክክል ሆነው ሥዕሉ መቶ ዓመት ሊያንስ ይችላል። ልብስ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ቀለሙ በቤተ ሙከራ ይታይ። ኮባልት ሰማያዊ የተገኘው በ1802 ነው፤ ዚንክ ነጭ በዘይት ቀለም የተለመደው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ናሙናው ከእጥፋቱ ጥልቅ ክፍል ይወሰድ፤ በኋላ ዘመን የተጠጋገነ ቦታ ላይ ከተወሰደ ውጤቱ የሚናገረው ስለ ጠጋኙ ነው።